የእህል መኪና አሽከርካሪ ሊያውቀው የሚገባ የመንገድና የመልክዐ ምድር ዕውቀት፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋዎች

ድርቅ በደረሰበት አገር የዕርዳታ ሥራ የሚመዘነው ወደብ በደረሰው እህል ሳይሆን ከተረጂው እጅ በገባው እህል ነው። በወደቡና በተረጂው መካከል ያለውን ርቀት የሚሸፍነው ደግሞ የጭነት መኪና ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል በሚታደልበት ስሌት 50 ኩንታል የጫነ አንድ መኪና የ333 ሰዎችን የአንድ ወር ቀለብ ይዟል ማለት ነው። 400 ኩንታል የሚጭን ባለ ተሳቢ መኪና ደግሞ ከ2,600 በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚበቃ ቀለብ ይዞ ይጓዛል። በመሆኑም አንድ መኪና ገደል ቢገባ፣ ወንዝ ዳር ቆሞ ቢሰነብት፣ ወይም መንገድ ስቶ ጭነቱን ከማይገባ ቦታ ቢያራግፍ ጉዳቱ የመኪናው ብቻ ሆኖ አይቀርም። በመንገዱ ማዶ የሚጠብቀው ሕዝብ ወሩን ያለ ቀለብ ያሳልፋል።

የመንጃ ፈቃድ ፈተና የትራፊክ ሕግን፣ የመንገድ ምልክቶችን፣ የመኪናን አሠራርና የመንዳት ችሎታን ይመለከታል። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ይሁን እንጂ ፈተናውን አልፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የዕርዳታ እህል በመጫን ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንት ወይም ወደ ስማዳ የሚያመራ አዲስ አሽከርካሪ ከዚህ ሌላ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይኖርበታል። አንደኛው የአገሩ ከፍታና ዝቅታ እንዴት እንደ ተቀመጠ ነው። ሁለተኛው ወንዞቹ ከየት ተነሥተው በየትኛው ጊዜ እንደሚሞሉ ነው። ሦስተኛው ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉት ቅርንጫፍ መንገዶች በየትኛው ወር እንደሚያስኬዱ ነው። አሽከርካሪ የሚመድቡና ጭነት የሚያዝዙ ሠራተኞችም ይህንኑ ማወቅ ስለሚገባቸው ነጥቦቹ ከዚህ በታች በየተራ ተብራርተዋል።

ሁለቱ በሮች

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ የጣና ሐይቅና የፎገራ ሜዳ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጣልለዋል። በስተ ምሥራቋ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። ዋናው መንገድ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ሲሆን ከወረታ ተነሥቶ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ከዚያም ጉናን ታክኮ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫ፣ በጨጨሆ፣ በደብረ ዘቢጥና በጋሸና አድርጎ በድልብ ቁልቁለት ወልድያ ይደርሳል። ርዝመቱ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይህ መንገድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተደረገ የትብብር ስምምነት መሠረት በቻይና ዕርዳታ በደርግ ዘመን የተሠራ በመሆኑ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» ሲል ይጠራዋል። በመጀመሪያ የጠጠር መንገድ የነበረ ሲሆን ኋላ አስፋልት ለብሷል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው ለደቡብ ጎንደር ደጋ ሁለት በሮች አሉት። የምዕራቡ በር ወረታ ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መኪና በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር አልፎ በዚህ በር ይገባል። የምሥራቁ በር ወልድያ ነው። ከወደብ የሚመጣ እህል ሚሌን አቋርጦ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ኮምቦልቻ መጋዘኖች ይደርሳል። ከዚያም ዳገቱን ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ጋይንትና ወደ ደብረ ታቦር ይዘልቃል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት እህሉ በአብዛኛው ይመጣ የነበረው ከአሰብ ሲሆን ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የጂቡቲ ወደብ ቦታውን ይዟል።

አሽከርካሪው አንዱን በር ብቻ አውቆ መሥራት አይበቃውም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋሸናንና ነፋስ መውጫን በደረሰ ጊዜ የምሥራቁ በር ለእህል መኪና የማያስኬድ ሆኖ ነበር። የመሬት መንሸራተት ወይም የድልድይ መሰበርም ተመሳሳይ ውጤት ያስከትላል። በዚህ ጊዜ ሌላውን በር፣ በዚያ በኩል ያለውን የነዳጅ ማደያና የማደሪያ ከተማ የሚያውቅ አሽከርካሪ ቀን ሳያባክን ይመለሳል። የማያውቀው ግን በመንገድ ላይ ትእዛዝ ሲጠብቅ ይሰነብታል።

በእነዚህ ደጋዎች ላይ ከባድ ጭነት ማጓጓዝ ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ የአገሪቱ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። አፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውንና 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን «ሴባስቶፖል» የተባለ መድፍ ይዘው በመስከረም ወር መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ አመሩ። ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ ገደል እያስደለደሉ፣ ለመድፉ መጎተቻ የሚሆን መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር። ዛሬ መኪና በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው አገር ያኔ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ጊዜውን የበላው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች ቁልቁለትና ዳገት ነው። መሣሪያው ቢለወጥም መሬቱ ያው ነው።

ከፍታ በመኪናው ላይ የሚያመጣው ለውጥ

ከወደብ በኩል የሚመጣ አሽከርካሪ ሚሌ ላይ ከ500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ነፋስ መውጫ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሏል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አየር በሳሳ ቁጥር ሞተሩ ናፍታውን አቃጥሎ የሚያገኘው ጉልበት ይቀንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ቆላ ላይ በሦስተኛ ማርሽ የወጣውን የመሰለ ዳገት ደጋ ላይ በሁለተኛ መውጣት የመኪናው ሕመም ሳይሆን የከፍታው ጠባይ ነው። ይህን ያልተረዳ አዲስ አሽከርካሪ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ሞተሩን በጥቁር ጭስ ያፍነዋል፤ ያግለዋልም።

ውኃም ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል። በ3,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ክዳኑ የላላ ወይም የሚያፈስ ራዲያተር ቆላ ላይ ችግሩን ደብቆ ቢቆይም ደጋ ላይ ያጋልጠዋል። ክዳኑንና ቱቦዎቹን መመርመር የሚገባው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ወልድያ ወይም ወረታ ላይ እንጂ ዳገቱ መካከል አይደለም። መለዋወጫ ውኃ መያዝም ግዴታ ነው፤ በበጋ ወራት የደጋው ሕዝብ ራሱ ውኃ ከሩቅ ይቀዳልና።

ከዳገት ይልቅ የሚገድለው ቁልቁለት ነው። የተጫነ መኪና በጋሸናና በወልድያ መካከል፣ ወይም ከደብረ ታቦር ወደ ዓለም በር ሲወርድ በፍሬን ብቻ ሊያዝ አይችልም። ፍሬኑ ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ በመጨረሻም ጨርሶ አልይዝ ይላል። የነባር አሽከርካሪዎች ደንብ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚል ነው። በከባድ ማርሽ ሲወረድ መኪናውን ሞተሩ ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ለድንገተኛ ነገር ይቆያል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሽ አውጥቶ ዜሮ ላይ አድርጎ መልቀቅ፣ አሽከርካሪዎች ፎሌ የሚሉት ልማድ፣ በእህል መኪና ላይ በፍጹም ሊፈቀድ አይገባም። የሚተርፈው ናፍታ ጥቂት ሊትር ነው፤ የሚጠፋው ግን ሰው፣ መኪናና የብዙ መቶ ሰዎች ቀለብ ነው።

ረዳቱም የራሱ ድርሻ አለው። መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ወዲያው ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ፣ መኪናው ሲነሣም ታኮውን ከመንገድ ማንሣት አለበት። መንገድ ላይ የተረሳ ታኮ ወይም ድንጋይ በጭጋግ ውስጥ ለሚመጣው ቀጣይ መኪና አደጋ ነው። በጉናና በጋይንት ደጋዎች በክረምት ጭጋግ መንገዱን እስከ ቀትር ድረስ ሊሸፍን ይችላል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ደግሞ ሌሊት ውርጭ ስለሚጥል ጠዋት ሞተር ማስነሣት ያስቸግራል። ነፋስ መውጫ ላይ ለማደር ያሰበ አሽከርካሪ ከተማዋ ስሟን በከንቱ እንዳላገኘች ተረድቶ ብርድ ልብስና ደኅና ባትሪ መያዝ ይኖርበታል።

ወንዝና ወቅት

ጉና የውኃ ማማ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ከጋይንትና ከስማዳ ደጋዎች የሚወርዱት ውኃዎች በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። ከሰሜን ምሥራቁ ተዳፋት የሚፈስሰው ደግሞ ወደ ተከዜ ያመራል። አዲስ አሽከርካሪ ከዚህ የሚማረው ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። ሜዳው ላይ ፀሐይ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ጉና ላይ የጣለው ዝናብ ማታውን ወንዙን ሊሞላው ይችላል። ስለዚህ ድልድይ የሌለውን ወንዝ ለመሻገር የሚመረጠው ጊዜ ጠዋት ነው፤ ሰማዩ መታየት ያለበትም ከራስ በላይ ያለው ሳይሆን ጉና ላይ ያለው ነው።

የፎገራ ሜዳ አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይይዛል። ከአስፋልቱ በግማሽ ሜትር የወጣ ጎማ እዚያው ሊቀር ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ሌሎች ወንዞች ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም የገበሬዎችን ቤትና ማሳ ባጥለቀለቁ ጊዜ የዕርዳታ ሥራው ለድርቅ ብቻ ሳይሆን ለጎርፍም መዘጋጀት እንዳለበት ታይቷል።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን የሁለት ወቅቶች መገናኘት ነው። ገበሬው በኅዳርና በታኅሣሥ ያስገባው እህል የሚያልቀው፣ ምርት በተበላሸበት ዓመት ደግሞ ረኃቡ የሚጠናው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ቅርንጫፍ መንገዶች የሚዘጉትም በእነዚሁ ወራት ነው። መንገድ የሚዘጋበትና ጎተራ የሚራቆትበት ወቅት አንድ መሆኑ የዚህን አካባቢ የማጓጓዝ ሥራ ከሌላው የተለየ ያደርገዋል። ስለዚህ ለሐምሌና ለነሐሴ የታሰበ እህል በግንቦት መድረስ አለበት። በሚያዝያ ወር ሦስት ቀን የዘገየ ጭነት ሦስት ቀን ብቻ ዘገየ ይባላል። በሰኔ ሦስት ቀን የዘገየ ጭነት ግን እስከ ጥቅምት ሊዘገይ ይችላል።

ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉት

ተረጂው ሕዝብ በአብዛኛው የሚኖረው በአስፋልቱ ዳር አይደለም። ከአዲስ ዘመን ተገንጥሎ ወደ እብናት የሚሄደው፣ ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት አርብ ገበያና ከዚያም ወደ ስማዳ የሚወርደው፣ እንዲሁም ከደብረ ታቦር በስተ ደቡብ ወደ እስቴ የሚወስደው መንገድ የአሽከርካሪው እውነተኛ ፈተና ናቸው። እብናት፣ ሊቦ ከምከም፣ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው የእህል መኪና መዳረሻ የት እንደ ሆነ ያመለክታል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» የሚለው ብቻ አይደለም። መንገዱ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ነው ወይስ የበጋ መንገድ ብቻ? ባለ ተሳቢ የሚዞርበት ሜዳ መጨረሻው ላይ አለ ወይ? ድልድዩ ስንት ቶን ይችላል? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ ባለ ተሳቢ መኪና ወደ ቅርንጫፍ መንገድ መላክ አይገባም። ጭነቱን ዋናው መንገድ ላይ በሚገኝ መጋዘን አራግፎ በትንንሽ መኪኖች ማከፋፈሉ ዘግይቶ ቢመስልም ፈጥኖ የሚያደርስ እርሱ ነው።

መኪናው ከታሰበው ቦታ ሳይደርስ ቢቀር የሚከተለውን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ አህያ ግማሽ ኩንታል ያህል ትሸከማለች። 50 ኩንታል ለማንሣት 100 አህዮች ያስፈልጋሉ። በድርቅ ዘመን ግን አህያዋም ከሰው ጋር ተርባለች። አህያ ካልተገኘ ሕዝቡ ራሱ ወደ እህሉ ይጓዛል። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በእብናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከየቀዬው ፈልሶ በመጠለያ የተሰበሰበው እህሉ የሚደርሰው መኪና በሚደርስበት ቦታ ስለ ነበረ ነው። በተጨናነቀው መጠለያም በሽታ ረኃቡን ተከትሎ መጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አውሮፕላኖች መኪና በማይደርስባቸው ደጋዎች ላይ እህል ከአየር እስከ መጣል ደርሰዋል። አውሮፕላን ብዙ ወጪ አውጥቶ ጥቂት እህል ያደርሳል። መንገዱን የሚያውቅ አሽከርካሪ አሥር ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ጠልቆ በገባ ቁጥር ግን ያን ያህል ሕዝብ ከቤቱና ከማሳው ሳይነቀል ይረዳል።

የቦታ ስምና የአገሬው ቃል

ካርታ በእጁ የሌለው አሽከርካሪ ከቦታ ስሞች ብዙ ሊማር ይችላል። በስም ውስጥ «በር» የሚል ቃል ካለ ብዙ ጊዜ በደጋና በሜዳ ወይም በሁለት ገደሎች መካከል ያለ መተላለፊያ መኖሩን ያመለክታል። የወረታው ዓለም በርና የሰሜን ሸዋው ጣርማ በር ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በዚያ ቦታ ዳገት፣ ነፋስና ጭጋግ ይጠበቃል። በባሕር ዳርና በወረታ መካከል ያለችው ሐሙሲት ስሟ የሐሙስ ገበያ ያላት መሆኗን ሲናገር፣ አርብ ገበያም ቀኗን በስሟ ይዛለች። በገበያ ቀን መንገዱ በሰው፣ በአህያና በከብት ስለሚሞላ በዚያ ሰዓት ማለፍ ጊዜ ያባክናል፤ አደጋም ያስከትላል። የገበያ ቀን ማወቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስለ መንገዱ አዲስ ወሬ የሚገኘው ከገበያተኛው ነው።

የአገሬውን ሰው መጠየቅም ዘዴ አለው። ገበሬው ርቀትን የሚለካው በእግር ጉዞ ነው። «ቅርብ ነው» ሲል ለእርሱ ቅርብ መሆኑን እንጂ ለመኪና የሚያስኬድ መሆኑን አልተናገረም። አሽከርካሪው ከመኪናው ወርዶ ሰላምታ ሰጥቶ «አባቴ፣ ትናንት መኪና በዚህ አልፏል ወይ? ወንዙስ እንዴት አደረ?» ብሎ በአክብሮት ቢጠይቅ የተጣራ መልስ ያገኛል። መስኮት ከፍቶ ከላይ ሆኖ የሚጮህ ግን ሰውየው ሊያስደስተው የፈለገውን መልስ ይዞ ገደል አፋፍ ይደርሳል።

ሰው ጭኖ ሲኬድ

የሠፈራ ሥራ በሚካሄድበት ጊዜ ይኸው አሽከርካሪ በእህል ፈንታ ሰው እንዲያጓጉዝ ሊታዘዝ ይችላል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በተካሄደው ሠፈራ 600,000 ያህል ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍሎች ተጓጉዟል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም በአማራ ክልል ድርቅ ከሚያጠቃቸው ወረዳዎች ወደ መተማ፣ ወደ ቋራና ወደ ሌሎች የክልሉ ቆላዎች ሠፋሪዎች ሄደዋል።

ከጋይንት ተነሥቶ መተማ የሚደርስ ሰው ከ2,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዷል። የደጋው ሰው ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ ሙቀትና ወባ ሳያውቅ ነው የሚሄደው። አሽከርካሪው ይህን አውቆ ውኃ የሚገኝባቸውን ቦታዎች ለይቶ መያዝ፣ ሙቀት በሚበረታበት ቀትር በጥላ ሥር ማሳረፍ፣ ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮችና አረጋውያን እንዲወርዱና እንዲንቀሳቀሱ ጊዜ መስጠት አለበት። የ1977ቱ ጉዞ ለብዙ ሰው መከራ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሰው እንደ ጭነት ተጨናንቆ ረጅም መንገድ መጓዙ ነው። ኩንታል ሲጨናነቅ አይናገርም፤ ሰው ግን በዝምታ ሊሞት ይችላል።

ኃላፊዎች ሊያደርጉት የሚገባ

ከላይ የተዘረዘረው ዕውቀት በልብ ይዞ የሚወለድ አሽከርካሪ የለም። ነባሩ አሽከርካሪ በብዙ ዓመት ድካም፣ አንዳንዱንም በጓደኞቹ ሞት ተምሮታል። አዲሱ በዚያው ዋጋ እንዲማር መተው አይገባም። ስለዚህ አሽከርካሪ የሚመድብ ጽሕፈት ቤት የሚከተሉትን ቢፈጽም ብዙ ጥፋት ይድናል።

አንደኛ፣ አዲስ አሽከርካሪ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች መንገዱን ከሚያውቅ ነባር አሽከርካሪ ጋር በአጀብ እንዲሄድ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ከወልድያና ከወረታ የሚነሡት መንገዶች ከፍታ፣ ቁልቁለት፣ ድልድይ፣ ነዳጅ፣ ውኃ፣ የገበያ ቀንና ማደሪያ የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት በአማርኛ አዘጋጅቶ በየመኪናው ማኖር። ሦስተኛ፣ አሽከርካሪው ሲመለስ «አደረስክ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መመዝገብ፤ ያ መዝገብ ለሚቀጥለው መኪና ካርታ ነውና። አራተኛ፣ የጭነት ዕቅድ ሲወጣ ከመጋዘን ጠባቂውና ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር አሽከርካሪውን ማማከር። እብናት ወይም ስማዳ በሰኔ መድረስ ይቻል እንደ ሆነ ከሁሉ በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው።

የሥልጠናው ጊዜም ከወቅቱ ጋር መስማማት አለበት። በሐምሌ የሚሰጥ ትምህርት ለዚያ ዓመት አይደርስም። መንገዱ ደረቅ ሆኖ፣ ወንዙ ጎድሎ፣ ዳገትና ቁልቁለቱ ጥርት ብሎ በሚታይበት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ አዲሶቹን አሽከርካሪዎች በሁለቱም በሮች ማሳለፍ ይቻላል። በዚያ ወራት መንገዱን በዓይኑ ያየ አሽከርካሪ በግንቦት እህሉን በጊዜው ያደርሳል፤ ክረምቱም ሲገባ እህሉ ከሕዝቡ ጋር፣ መኪናውም ከመንገዱ በዚህ በኩል ይሆናል።